ዋይክ አን ዜ፦ ከስንት ዓመት በኋላ የቼዝ ሰሌዳ ፊት

ከአምስተርዳም በባቡር እስከ ቤቨርዋይክ፣ ከዚያ በአውቶብስ ወደ ዋይክ አን ዜ። ጥር ነው። የሰሜን ባሕር ንፋስ አጥንት ሰብሮ ይገባል። በአንድ በኩል የብረት ፋብሪካው ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ በሌላው አሸዋና ባሕር። ለቼዝ ሰው ግን ይህች ትንሽ መንደር ትልቅ ቦታ ናት። በየዓመቱ ጥር ላይ የሚካሄደው የቼዝ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1938 ቤቨርዋይክ ተጀምሮ በ1968 ወደዚህ መጣ። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኖርዌያዊው ማግነስ ካርልሰን እዚህ ስምንት ጊዜ አሸንፏል። ደግሞ እንደ እኔ ያለው ተራ ተጫዋችም ተመዝግቦ ይጫወታል፤ ይህን ነው የምወድላት።

እኔ የገባሁት በቅዳሜና እሁዱ ምድብ ነው። ሬቲንጋቸው (የችሎታ ነጥባቸው) የሚቀራረብ አራት ሰዎች አንድ ላይ ይመደቡና እያንዳንዱ ሦስት ጨዋታ ይጫወታል። ለረጅም ጊዜ ከውድድር ርቆ ለቆየ ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው።

በነዚያ ዓመታት ቼዝ አልተውኩም። ማታ ማታ ስልኬ ላይ የሦስት ደቂቃ ጨዋታ እጫወታለሁ። ግን እሱና ሰው ፊት ተቀምጦ አራት ሰዓት ማሰብ በጭራሽ አይገናኙም። ስልክ ላይ ብትሸነፍ ወዲያው ሌላ ትጀምራለህ። እዚህ የተጋጣሚህን ትንፋሽ ትሰማለህ። የናፈቀኝም ይኸው ነበር።

የመጀመሪያውን ተሸነፍኩ፣ ሁለተኛውን አሸነፍኩ። ማውራት የምፈልገው ስለ ሦስተኛው ነው።

ተጋጣሚዬ ፀጉራቸው የሸበተ ሆላንዳዊ አዛውንት ናቸው። አንድ እርምጃ በጻፉ ቁጥር እርሳሳቸውን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ያስተካክላሉ። ወደ መጨረሻው ሩክ (በቀጥታ መስመር የሚሄደው ግንብ) በሩክ ቀረን፤ እሳቸው አንድ ፓውን (ወታደር) ይበልጡኛል። ነጭ ነበርኩና ሩኬን ከእኔ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቆምኩ። ሩኩ እዚያ እስካለ ንጉሣቸው ማለፍ አይችልም። ፓውናቸውን ወደዚያ ረድፍ ሲገፉ ደግሞ ንጉሣቸው መደበቂያ ያጣል። ያኔ ሩኬን እስከ ሰሌዳው ጫፍ ወሰድኩና ከኋላ ንጉሣቸውን እያጠቃሁ ቼክ፣ ቼክ፣ አሁንም ቼክ። ፈረንሳዊው የቼዝ ሊቅ ፊሊዶር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሳየው ዘዴ ነው። አዛውንቱ ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አቻ!

ከዚያ የአተር ሾርባ ጋበዙኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ምግብ ጠፍቶ ተጫዋቾቹ የቀረበላቸው ይኸው ሾርባ ነበር፤ እስካሁንም የውድድሩ ወግ ነው። ቼዝ የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ ስለ ሰንጠረዣችን፣ ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝ፣ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ፣ በየፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይባላል። ዓይናቸው በራ። «እስቲ አሳየኝ!» ብለው ሳህኑን ገፋ አደረጉና ጠጠሮቹን መደርደር ጀመሩ። በሚቀጥለው ጥር በዘጠኝ ዙሩ ምድብ ልንገናኝ ተቀጣጥረን ተለያየን።