መቼ ነው የሚጀምርዎት?

ከማታ ሥራ መልስ ጫማዬን ሳላወልቅ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። የሰዓት መዝገቤ 412 ይላል። ለመመረቅ በክሊኒክ ከበሽተኛ ጋር መሥራት ያለብኝ 750 ሰዓት ነው። ከቀረው ውስጥ ለሕፃናቱ ክፍል የሚቀበለኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሴሚስተሩ ሊጀምር ደግሞ አምስት ሳምንት ነው የቀረው።

አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ «ነርስ አይደለሽ እንዴ፣ አሁን ደግሞ ምን ትማሪያለሽ?» ይሉኛል። የምማረው ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ነው፤ እዚህ አሜሪካ ነርስ ፕራክቲሽነር ማለት ራሱ መርምሮ፣ በሽታውን ለይቶ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ ነው። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሐኪም ጋር ውል ሳይገባ ራሱን ችሎ መሥራት ይፈቀድለታል። ትምህርቱን በ1965 ኮሎራዶ ውስጥ የጀመሩት ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ይህን ሳነብ ጎንደር ትዝ አለኝ። ከደንቢያው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ከኮሎራዶ አሥራ አንድ ዓመት ቀድሞ መርምረው የሚያክሙ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ተማሪዎቹ ከማኅበረሰብ ነርሶችና ከሳኒታሪያኖች (ከአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች) ጋር በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ብቻውን በየበሩ እየዞረ «አስተምሩኝ» የሚል ተማሪ ግን አልነበረም።

እኔ ግን እየዞርኩ ነው። ትምህርት ቤቴ የሚያስተምረኝን ባለሙያ፣ እኛ ፕሪሴፕተር የምንለውን፣ ራሴ እንድፈልግ ነገረኝ። ባለፈው ክረምት 63 ኢሜይል ላክሁ፤ መልስ የሰጡኝ ዘጠኝ ናቸው፤ ከዘጠኙ ስምንቱ «ይቅርታ» የሚሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ክሊኒክ ለክሊኒክ የሥራ ማስረጃዬን ይዤ ዞሬአለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «እናንተ ክሊኒክ ተማሪ ይቀበላሉ?» ብዬ ያልጠየቅኳት ነርስ የለችም። ቦታ እናገናኛለን የሚል አንድ ድርጅት ለአንድ ዙር ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ጠየቀኝ። የልጆቼን የቤት ኪራይ ለዚያ መስጠት አልቻልኩም።

እምቢ ያሉኝን አልቀየምም። ለአንድ በሽተኛ ሃያ ደቂቃ የተሰጠው ሰው ተማሪ ሲጨመርበት ቀኑ በሙሉ ይጓተታል፤ የሚያካክስለትም ብዙውን ጊዜ የለም። ለሬዚደንት ሐኪሞች ሥልጠና መንግሥት ሜዲኬር በተባለው በዋናነት የአረጋውያን የጤና መድን በኩል ለሆስፒታሎች ይከፍላል። ለእኛ እንዲህ ያለ ቋሚ ገንዘብ የለም። በ2012 በአምስት ሆስፒታሎች 200 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ተሞክሮ ነበር፤ ሙከራው በ2018 አበቃ። ሜሪላንድን ጨምሮ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ለሚያስተምሩ ሰዎች ከግብር ቅናሽ ያደርጋሉ። ጥሩ ነው። ግን እስከዚህ ድረስ ያመጣኝ የሰው ደግነት ነው፤ የስንት ሺህ ሰው ሕይወት የሚያዝበት ሙያ በደግነት ላይ ብቻ መቆሙ ያስፈራኛል።

ቦታ ማግኘት ደግሞ መማር ማለት አይደለም። መጀመሪያ የተቀበለኝ ክሊኒክ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ በሽተኛ ብዙ ነበር፤ እኔም ሳላውቀው አስተርጓሚ ሆንኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ከክፍል ክፍል ስጠራ እውላለሁ፤ ልብ የማዳምጥበት፣ ሆድ የምዳስስበት ጊዜ የለም። ማታ ሰዓቱ ይፈረምልኛል። በመዝገቤ ላይ ካሉት 412 ሰዓታት ውስጥ እነዚያም አሉ። ዛሬም ሳያቸው ደስ አይለኝም።

ሁለተኛዋ ፕሪሴፕተሬ ግን ሌላ ሰው ናት። እሷም ነርስ ፕራክቲሽነር ናት። በመጀመሪያው ቀን «አንቺ እዚህ የመጣሽው ለመመርመር ነው» አለችኝ፤ እኔ ካየኋቸው በኋላ እሷ ስትገባ የስልክ አስተርጓሚ ይዛ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር እዚህ አልጽፍም። «ጨጓራዬ ነው ልጄ፣ የድሮ ሕመሜ ነው። እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» ብለው ከደረታቸው በታች አሳዩኝ። ጨጓራ የማይል አበሻ የት አለ? እናቴም እንዲሁ ነው የምትለው። ስለ በርበሬው፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጾሙ ጠየቅኋቸው። ወጥቼ «ጨጓራ ይመስለኛል፣ መድኃኒት እንጀምርላቸው» አልኩ።

ፕሪሴፕተሬ ቻርቱን እያየች «ሲጀምራቸው ምን እየሠሩ ነበር?» አለችኝ።

አልጠየቅኩም ነበር። እሷም አልገባችም፤ በሩን አሳየችኝ።

«እማማ፣ መቼ ነው የሚጀምርዎት?»

«ደረጃ ስወጣ ነዋ። ልጄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይደል የሚኖረው። ቁጭ ስል ይተወኛል።»

ስኳር ካለባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እጄ ቀዘቀዘ። የልብ ምርመራውን አነሣን፤ ፕሪሴፕተሬ አየችውና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ልባቸው ነበር።

አሥራ ሦስት ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ደረት ያመመው ሰው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ እንቅልፌም ላይ ሆኜ አውቃለሁ። ያኔ ግን «ደረት» የሚለውን ቃል ሌላ ሰው ተናግሮልኝ ነበር፤ አሁን ቃሉን የማገኘው እኔ ነኝ። የሁለቱ ልዩነት መጽሐፍ ላይ አልገባኝም፤ የገባኝ በዚያ በር ላይ ቆሜ ነው። የገዛ ቋንቋዬ እንኳ ሊያሳስተኝ እንደሚችልም ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ፕሪሴፕተሬ በዚያ ቀን 35 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀረች። ሁለት በሽተኞች በመጠበቂያው ክፍል ተቆጡ፤ ምሳዋን አልበላችም። እኔን በማስተማሯ የተከፈላት አንድ ሳንቲም የለም። ማታ ስንወጣ ላመሰግናት ስሞክር የነገውን የመጀመሪያ በሽተኛ ቻርት አንብቤ እንድመጣ ነገረችኝ።

ኢሜይሉን ዘጋሁት። የሕፃናት ክሊኒክ ፍለጋውን በእግሬ እቀጥላለሁ። ዊተን ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚከፈተው፤ በሩ ሲከፈት እዚያ ቆሜ መገኘት አለብኝ። ሸሚዜን ልተኩስና ልተኛ።