«መጣህ» ወይስ «መጣሽ»? ሰባት ወር ያስቆመኝ ሳይቦርግ

ትናንት ማታ የአጭር ፊልሜን ስክሪፕት 11ኛ ገጽ ጨረስኩ። ለ11 ገጽ ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን አሁንም አልወጣልኝም።

ታሪኩ ስለ ሳይቦርግ ነው፤ ከፊሉ ሰው ከፊሉ ማሽን ስለሆነ ፍጥረት። ቦታው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። በብየዳ ቤት አደጋ ግማሽ አካሉን ያጣ ሰው በማሽን ተጠግኖ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። «ያጣ»፣ «ተጠግኖ»፣ «ይመለሳል» አልኩ አይደል? ገና በአንድ ዓረፍተ ነገር ወንድ አደረግኩት ማለት ነው። ወሮቼን የበላው ይሄ ነው፤ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቶሎ ልለፋቸው። ፊልም አየሁ፣ ማስታወሻ ያዝኩ፣ የጻፍኩትን ቀደድኩ። «ሳይቦርግ» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1960 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) እንደወጣ ያወቅኩትም ያኔ ነው። ማንፍሬድ ክላይንስ እና ናታን ክላይን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው ያወጡት። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ ሰው ጠፈር ላይ እንዲኖር የምድርን አየር ተሸክሞለት ከመሄድ የራሱን አካል ለጠፈር ማስማማት ይሻላል። ስክሪን ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት ተሰብስበን «ተርሚኔተር»ን ስናይ፣ ከብረት አጽሙ በላይ ሥጋ የለበሰው ያ ፍጥረት አክተሩ ነው አይደለም ብለን ተጣልተናል። ወንድ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ትልቅ ነው፣ ያስፈራል፣ በቃ «እሱ» ነው።

ከሁሉም የጠቀመኝ ዘዴ ርካሽ ነው። አንድ የተማሪ ደብተር ግዙ። ገጹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ማን ያያል? ማን ይጠግናል? ማን ይወስናል? ከዚያ የፊልሙን ድምፅ አጥፍታችሁ እዩ። ወሬው ሲጠፋ ካሜራው የት እንደቆመ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የ1927ቱ «ሜትሮፖሊስ» ድሮውንም ድምፅ የለውም። ብሪጊተ ሄልም ደጓን ማሪያንም፣ በማሪያ መልክ የተሠራችውን ማሽንም ትጫወታለች። ማሽኗ በሀብታም ወንዶች ፊት ስትጨፍር ስክሪኑ በዓይን ይሞላል፤ ዓይን ብቻ። «ማን ያያል» የሚለው ዓምዴ በዚያ አንድ ትዕይንት ሞላ። እሷ እርግጥ ሥጋ የሌላት ማሽን ናት፣ ሳይቦርግ አይደለችም። ከሷ በኋላ የመጡትን ለመረዳት ግን እሷን ማለፍ አይቻልም።

ከዚያ የ1987ቱን «ሮቦኮፕ» እና የ1995ቱን የጃፓን አኒሜሽን «ጎስት ኢን ዘ ሼል» ተራ በተራ አየሁ። ይሄን ማንም ይሞክረው። ፖሊሱ መርፊ ወደ ማሽን ሲለወጥ ካሜራው እሱ ውስጥ ነው ያለው። በሱ ዓይን ነው የምናየው፤ ሰዎች ከላይ ጎንበስ ብለው ያዩናል። መትረፍ የቻለ እጁን ሳይቀር እንዲነሳ የድርጅቱ ሰው ሲወስን ውሳኔው የኛን እጅ የሚነካ ይመስላል። የአኒሜሽኗ ሻለቃ ሞቶኮ ኩሳናጊ ስትሠራ ግን እኛ ውጭ ነን። ራቁት አካሏ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ፣ ቆዳ ሲለብስ ቆመን እናያለን። ሁለቱም አካላቸው የሌላ ሰው ንብረት ነው። የመርፊ ጥያቄ «ማን ነበርኩ?» ነው። የሷ ደግሞ «እኔ የሚባል ነገር አለ?» እዚህ ላይ ፍርዴን ላለዝበው፤ አኒሜሽኑ ሥራዋን ብትለቅ አካሏን ለመንግሥት መልሳ መሄድ እንዳለባት ራሷ እንድትናገር ያደርጋል። ያ ንግግር ለኔ ከራቁት ትዕይንቶቹ ሁሉ ይበልጣል።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ የራሴን የመጀመሪያ ረቂቅ አወጣሁ። ሴት ሳይቦርግ ጠረጴዛ ላይ ተኝታለች። ወንድ መካኒክ መፍቻ ይዞ ከላይዋ ቆሟል። ግማሽ ገጽ ስለ ወገቧና ስለ አንገቷ ነው። አንድ ቃል አትናገርም። ደብተሬ ላይ የከሰስኩትን ሁሉ እኔው ጽፌዋለሁ፣ ሴት ሆኜ። አፈርኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል ፋይሉን አልከፈትኩትም።

ያስከፈተኝ ፊልም አይደለም። ጎረቤታችን አንድ እናት ናት። ሰው ሠራሽ እግር አላት። ብዙ ዓመት አይቻታለሁ፣ ስታወልቀው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ማሰሪያውን ፈታች። ከእግሩ ውስጥ የጥጥ ካልሲ አወጣች፤ በላብ ርሷል። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የቀላውን ቆዳዋን በፎጣ ጠረገች፣ የሕፃን ዱቄት ነሰነሰችበት። እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ይቺ ልጅ ዛሬ አስቸገረችኝ» አለች። «ይቺ ልጅ»! የሥጋ እግሯን እኮ «እግሬ» ነው የምትለው። የተሠራችውን ልጅ አደረገቻት።

ካየኋቸው ሳይቦርጎች አንዱም በላብ አይቸገርም። ካልሲ አያጥብም። አካሉ ወይ ጦር መሣሪያ ነው ወይ ጌጥ። አሜሪካዊቷ ምሁር ዶና ሃራዌይ በ1985 ስለ ሳይቦርግ ባወጣችው ዝነኛ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ከሴት አምላክ ይልቅ ሳይቦርግ መሆንን እመርጣለሁ ትላለች። በሁለተኛው ወር ሳነበው ብዙም አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ከዚያ በረንዳ በኋላ ነው። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ በጽንሰ ሐሳብ አትጀምሩ። መጀመሪያ ፊልሙን፣ ቀጥሎ ሰው ሠራሽ አካል ያለው ሰው እዩ። ጽሑፉ ይቆያችኋል።

አሁን ወደ ግሱ። ከበረንዳው በኋላ ወሰንኩ፤ ሳይቦርጌ ወንድ ይሁን ሴት ተመልካቹ ቶሎ እንዳያውቅ። ሰፈሩ ይወስን፣ እኛም ሰፈሩ ሲወስን እንይ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ቢያንስ ፊት ለፊት ሲያናግሩ «ዩ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። አማርኛ አያሳልፍም። ና ወይስ ነይ? በላህ ወይስ በላሽ? ሰላምታው ላይ ነው የሚይዝህ።

መጀመሪያ ሁሉንም ሰው የለሽ አድርጌ ጻፍኩት። «መቀመጥ ይቻላል።» «ቡና ይፈለጋል?» ጮክ ብዬ ሳነበው የቀበሌ ማስታወቂያ ሆነ። ጣልኩት።

ቀጥሎ «እርስዎ» ትዝ አለኝ። ተመልከቱት፤ «መጡ»፣ «ይግቡ»፣ «እሳቸው»፣ ጾታ የሚባል የለም! አማርኛ አክብሮት ውስጥ ወንድና ሴትን አንድ አድርጎ አስቀምጦልናል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የመጣልኝ፤ ተነስቼ ሦስት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩ። ጠዋት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ለፊልም ቡድናችን ሳነበው ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው «አቦ፣ ይሄ ሰፈር የት ነው?» አለኝ። ልክ ነበር። ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚለው ማነው? እዚህ ለታላቅም «አንቺ» ነው፣ ለሽማግሌም «አንተ» ነው፤ ፍቅሩም እዚያው ውስጥ ነው። ሰፈሬ «እርስዎ» ሲል እንግዳ ሰው የሚቀበል መሰለ። ሦስቱን ገጽ ጣልኩ። አንድ ቦታ ብቻ አስቀረሁ፦ ከውጭ የመጣው ሐኪም «እርስዎ» ይላል። እዚያ ርቀቱ ይሠራል።

ሦስተኛው መንገድ ከገበያ መጣ። ቀፊራ ቆሜ ወተት ስገዛ ሻጯ በኦሮምኛ ታናግረኛለች። «አቲ» ስትለኝ ድንገት ሰማሁት። በኦሮምኛ «አቲ» ለወንድም ለሴትም ነው! ሱማልኛም ፊት ለፊት ሲያናግሩ አይለይም። ሁለቱም «እሱ» እና «እሷ» ላይ ይለያሉ፣ አንተና አንቺ ላይ ግን የሉበትም። ድሬ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ የሚቀላቀልባት ከተማ ናት። ስለዚህ ወተት ሻጯ በስክሪፕቴ ላይ በኦሮምኛ ታወራለች። ማንም አዲስ ነገር አይለውም፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የምናወራው። ለአዲስ አበባ ተመልካች ከሥር ትርጉም ይጻፍለት ያለኝ አለ። አልጽፍም። የትርጉም ጽሑፍ ተመልሶ «አንተ» ወይም «አንቺ» ይላላ!

ትልቁን ግኝት ግን በመጨረሻ ነው ያየሁት፤ ዓይኔ ሥር ነበር። «እኔ» ጾታ የለውም። «መጣሁ»፣ «ደከመኝ»፣ «አመመኝ»፣ ማን እንደተናገረው አይታወቅም። ሳይቦርጌ ስለራስ ሲናገር ነፃ ነው። ጾታው የሚመጣው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ይሄ ሲገባኝ ስክሪፕቱን ገለበጥኩት። በመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ቃል ያልነበረው አካል አሁን ከሁሉም በላይ ይናገራል። የጋራዡ ሰውዬ የሳይቦርጉን ብረት እጅ ሲያይ «አንተ» ይላል። እጁ ሲበላሽና ሊጠግን ሲቀመጥ ሳያስበው «አንቺ» ይላል፤ ልክ መኪናን «እሷ» እንደሚለው። ቃሉ ሲቀየር ካሜራው በሳይቦርጉ ዓይን ያየዋል። ከመርፊ የወሰድኩት ይሄን ነው።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ሳይቦርጌን «ይናገራል»፣ «ያየዋል» እያልኩ ነው። አማርኛ ሲቸግረው ወደ ወንድ ነው የሚያዘነብለው። እየሞከርኩ ነው።)

የቀረችው እናትየዋ ነበረች። ልጇ በር ላይ ሲቆም «እንኳን ደህና መጣህ» ትበል ወይስ «መጣሽ»? ቃሉን ቆርጬ «መጣ…» ብዬ ተውኩት። «መጣ» ራሱ ወንድ ነው። ወር ሙሉ እዚያ ቆምኩ። ባለፈው ሳምንት ልምምድ ላይ እናትየዋን የምትጫወተው ጓደኛችን መስመሩን ረሳችው። ወደ በሩ አየች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ «ልጄ» አለች። «ልጄ። ሆጃው እንዳይቀዘቅዝ።» ሆጃ የኛ የድሬ ትኩስ መጠጥ ነው። ማንም አላቋረጣትም። እንደዚያው ጻፍኩት፤ 11ኛው ገጽ እሱ ነው።

ያልተፈታው ገጽ 6 ላይ ያለው የባጃጅ ሹፌር ነው። ሳይቦርጉ ይሳፈራል፣ ሹፌሩ በመስታወት እያየ ዋጋ ይነግራል፣ ከዚያ «የት ልጣልህ?» ማለት አለበት ወይም «የት ልጣልሽ?»። «የት ነው?» ብቻ እንዲል አድርጌ ነበር። የባጃጅ ሹፌር የሆነው ወንድሜ አንብቦት «እኛ እንዲህ ባጭሩ አናወራም» አለኝ። የምታውቁት የሹፌር አነጋገር ካለ ጻፉልኝ።