አንቀጽ 629 ከየት መጣ? በየትስ ይወጣል?

ደሴ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሲዞር፣ ከአቦል እስከ በረካ አንድ አነጋገር ይደጋገማል፦ ክልከላው የአባቶች ነው፣ የመብት ጥያቄው የፈረንጅ ነው። የሃይማኖት ክልከላው በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም የቆየ መሆኑ እውነት ነው። በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረግን ግንኙነት የሚቀጣው፣ ሰው የሚታሰርበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ ግን አርቃቂውም ዓመቱም ይታወቃል።

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ዣን ግራቨን የተባሉ ስዊዘርላንዳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። በአንቀጽ 600 ለዚህ ግንኙነት ቀላል እስራት ተደነገገ። የግራቨን አገር ስዊዘርላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1942 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን ግንኙነት ከቅጣት አውጥታ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ክልከላውን በአንቀጽ 629 አስቀጠለው። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ጉልበት ወይም ጫና ሲኖርበት አንቀጽ 630 ያከብደዋል።

አንቀጹን በጥሞና ያነበበ ሰው የሚቀጣው ድርጊት መሆኑን ያያል። አለባበስ፣ አረማመድ፣ በ35 ዓመት አለማግባት ወንጀል አይደለም። ኮምቦልቻም ሆነ ሐይቅ ላይ ግን ፍርዱን የሚሰጠው ወሬ ነው፤ አከራይ ቤቱን ያስለቅቃል፣ ዕድርተኛው ፊቱን ያዞራል። ከዚህ የሚከፋው ማስፈራሪያው ነው። በስልክ ወዳጅ መስሎ የቀረበ ሰው ፎቶ ይይዝና ገንዘብ ይጠይቃል፤ የተዘረፈው ለፖሊስ ካመለከተ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል ብሎ ስለሚፈራ ዝም ይላል። አንቀጹ አንድም ክስ ሳይመሠረትበት የሚጎዳው በዚህ መንገድ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ወሎ፣ ልጁን ለዚህ አሳልፎ መስጠቱ ያሳዝነኛል።

የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ይህ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው። በፊንጢጣ ላይ የሚደረገው የግዳጅ ምርመራ ምንም አያረጋግጥም፤ የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞች እንዳይሳተፉበት ጠይቋል።

እንዲህ ያለው ሕግ በሌላ አገር እንዴት ተነሣ? የቦትስዋናን ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። የአገሪቱ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መጀመሪያ የታገሉት ማኅበራቸውን ለማስመዝገብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይመዝገብ አለ። ከዚያ በኋላ ሌትስዌሌትሴ ሞትሺዲማንግ የተባለ ወጣት የወንጀል አንቀጹን ከሰሰ። ማኅበሩ የፍርድ ቤት ወዳጅ፣ ማለትም ተከራካሪ ሳይሆን ፍርድ ቤቱን የሚያግዝ ወገን ሆኖ ማስረጃ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 አንቀጹ ወደቀ፣ መንግሥት ይግባኝ አለ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ኬንያም በምዝገባው ቀንቷት ነበር፤ የወንጀል አንቀጹን ክስ ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 አልተቀበለውም። ማኅበር መመዝገቡ ብቻ በቂ አይደለም ማለት ነው።

የእኛ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ፣ የደሴ ዳኛ እንደ ቦትስዋናው አንቀጹን መሻር አይችልም። ጥያቄው በመጀመሪያ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይሄዳል። የሚያዘው ክርክር አለው፦ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ አንቀጽ 13 መሠረታዊ መብቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላለች። የቃል ኪዳኑ ኮሚቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በአውስትራሊያዊው ኒኮላስ ቱነን ጉዳይ፣ እንዲህ ያለው ሕግ የግል ሕይወትን መብት ይጥሳል ብሏል።

ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ስሙን በመዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት በደሴ፣ ከሕግ ክርክሩ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።