«ቁርጡን አሳውቂያቸው» ብዬ ነበር የለመንኩት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት መስጠት የነበረብኝ ድሮ ነበር። ተስዬ ነበር፤ ስእለቴ ደረሰ፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በስንፍና አይደለም፤ አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ እነግራችኋለሁ።

ጊዜው ነሐሴ 1992 ዓ.ም.፣ ቦታው ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሄደው እዚያው ከቀሩት አንዱ ነኝ። ከአንዲት አሮጊት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ወጥ ቤቱም ስልኩም ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ስልኩ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አከራዬን በአማርኛ «እማማ» እላቸው ነበር፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ወደውታል። እሳቸው ደግሞ «ሲኖክ» ይሉኛል፤ ልጄዋ እንደ ማለት።

እማማ የቀራቸው ዘመድ አንድ የልጅ ልጅ ነው። እሱም ሰሜን ባሕር ኃይል ውስጥ የባሕር ሰርጓጅ መርከበኛ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ «ወደ ሌላ መርከብ ሊያዛውሩኝ ነው» ይላል። ወደ የትኛው? አልጻፈም።

ሰኞ ነሐሴ 8 ቀን ዜናው ወጣ። ኩርስክ የምትባለው ኑክሌር ባሕር ሰርጓጅ ባረንትስ ባሕር ወለል ላይ ተቀምጣለች ተባለ። ተቀምጣለች! ግንኙነት አለን፣ አየርም እየሰጠናቸው ነው አሉ። ችግሩ የደረሰው እሁድ ነው አሉ። አንዱም እውነት አልነበረም። መርከቧ የሰመጠችው ቅዳሜ ነሐሴ 6 ቀን ረፋድ ላይ ነው። ኖርዌይ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ሁለት ፍንዳታ ይዟል፤ በመካከላቸው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ገደማ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው። 154 ሜትር የምትረዝም መርከብ በ108 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኛች። ውስጧ 118 ሰው አለ።

ለቤተሰብ ተብሎ ስልክ ቁጥር ተሰጠ። እማማ በርጩማ አምጥተው ስልኩ ሥር ተቀመጡ። ይደውላሉ፤ ተይዟል። ይደውላሉ፤ ተይዟል። አንዴ አንዲት ሴት አነሳች። «የስም ዝርዝር አልተሰጠንም» ብላ ዘጋች።

እሳቸውን ሳይ እናቴ መጣችብኝ። ወንድሜ የካቲት 1982 ምፅዋ ስትያዝ እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም መርዶም አልመጣም። ልቅሶ አልተቀመጥን፣ አልተጽናናን። እናቴ ማታ ማታ በር አትቀረቅርም ነበር፤ «ቢመጣስ» ትላለች። እንደዚያው በሩን ሳትቀረቅር ሞተች።

ረቡዕ ጠዋት እማማን ይዤ የመርከበኞች ወደሚባለው የቅዱስ ኒቆላዎስ ካቴድራል ሄድን። ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ጉልላቶቹ ወርቅ። ሩሲያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ስም ጽፈህ የምትሰጥበት ሁለት ዓይነት ወረቀት አለ። አንዱ «ስለ ጤንነት» ይላል፤ በሕይወት ላሉት ነው። ሌላው «ስለ ዕረፍት» ይላል፤ ለሞቱት። እማማ ሻማ መሸጫው ጋ ቆመው እስክሪብቶውን አነሱ። አንዱን ወረቀት ሳቡ፤ መለሱት። ሌላውን ሳቡ፤ እሱንም መለሱት። ከኋላቸው ሰልፉ ረዘመ፤ ማንም ግን ቶሎ በሉ አላለም። በመጨረሻ ምንም ሳይጽፉ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ወጡ።

እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ካጠናሁ ወዲህ ጸሎት የሚባል ነገር ረስቼ ነበር። ፍልሰታ መሆኑ ግን ትዝ አለኝ፤ እናቴ በፍልሰታ እመቤታችንን የማትለምናት ነገር አልነበረም። «ልጁን አድኚላቸው» ልል አፌን ስከፍት እምቢ አለኝ። እሱ ይውጣ ማለት ማን በሱ ፈንታ ይግባ ማለት ነው? «እመቤቴ፣ ቁርጡን አሳውቂያቸው። እንደ እናቴ አታድርጊያቸው» አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ከሰማሽኝ እመሰክራለሁ ብዬ ወጣሁ።

አርብ ነሐሴ 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ኮምሶሞልስካያ ፕራቭዳ ጋዜጣ የ118ቱን ስም አወጣ። ባሕር ኃይሉ የደበቀውን ዝርዝር ለአንድ መኮንን 18,000 ሩብል ከፍሎ ነው ያገኘው። ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ጽፈውታል። መልአኩ በጉቦ በኩል ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ ግን መጣ።

እማማ መነጽራቸውን አድርገውም ማንበብ አልቻሉም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጋዜጣውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ወረድኩ። የቤተሰባቸው ስም አለ! ጣቴ ቆመ። እማማ አዩኝ። የሚቀጥለውን ለማንበብ ጊዜ ወሰደብኝ። ስሙ ሌላ፣ የአባት ስሙም ሌላ። እስከ መጨረሻው ወረድኩ፤ ደግሜ ወረድኩ። የሳቸው ልጅ የለም።

እማማ አልጮሁም፣ አላመሰገኑም። ጣቴ ቆሞ የነበረበትን ስም በጥፍራቸው እየነኩ «ይሄኛውስ የማን ነው?» አሉ።

በነጋታው ነሐሴ 13፣ የእኛ ቡሄ የእነሱም ደብረ ታቦር ነው፤ ሰው ሁሉ ለማስባረክ ፖም ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እማማ ፖም ሳይሆን ጋዜጣውን ይዘው ሄዱ። በአንዱ ወረቀት ላይ አስር ስም ያህል ነው የምንጽፈው። 12 ወረቀት ሞላን፤ ሁሉንም «ስለ ጤንነት» የሚለው ላይ። ሰኞ ነሐሴ 15 የኖርዌይ ጠላቂዎች የመውጫዋን ክዳን ከፈቱ፤ ውስጧ ውኃ ሞልቷል። ማክሰኞ ተመልሰን እነዚያኑ ስሞች በሌላው ወረቀት ላይ ጻፍን። ልጁ የደወለው ረቡዕ ነው። ከወደብ ያልወጣች ሌላ መርከብ ላይ ነበር። እማማ ለምን አልጻፍክም ብለው እንዴት እንደሰደቡት አልነግራችሁም።

ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? በጥቅምት አስከሬን መውጣት ሲጀምር የመኮንኑ የዲሚትሪ ኮሌስኒኮቭ ማስታወሻ ተገኘ። ከፍንዳታው የተረፉ 23 ሰዎች ኋለኛው ዘጠነኛ ክፍል ተሰብስበው ነበር። ጨለማ ስለሆነ በዳሰሳ እንደሚጽፍ ይናገራል። ይህን ካነበብኩ በኋላ «የኔ ጸሎት ተሰማ» ብዬ በሰው ፊት መቆም ከበደኝ። የነሱስ እናቶች አልጸለዩም?

ስለ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ያኔ ባለሥልጣናቱ ሦስት ነገር ይሉ ነበር፦ ከውጭ ባሕር ሰርጓጅ ጋር ግጭት፣ ከዓለም ጦርነት የቀረ ፈንጂ፣ ወይም የራሷ ቶርፔዶ፣ በውኃ ውስጥ የሚወነጨፈው ፈንጂ ማለት ነው። ኮሪደር ላይ አንዱ ጎረቤታችን «አሜሪካኖች ናቸው» ብሎ ይምላል። መርከቧ በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወጣች በኋላ ዐቃቤ ሕጉ የልምምድ ቶርፔዶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የሞተሩን ኬሚካል አፍስሶ ነው ብሎ ዘጋው። ያም ሆኖ ያኔ የሰሜን ባሕር ኃይል አዛዥ የነበሩት አድሚራል ፖፖቭ በ2014 ዓ.ም. የገጨቻት የኔቶ ባሕር ሰርጓጅ ናት አሉ። እኔን ካላችሁ ቶርፔዶው ነው። ግን ያ ጎረቤት እውነቱን ከቴሌቪዥን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልማለ ነበር።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ያ ማስታወሻ ባይገኝ ሚስቶቻቸው ሁሉም ባንዴ አለቁ የሚለውን ብቻ ይዘው ይቀሩ ነበር። ሰውየው በጨለማ ውስጥ ሆኖ ቁርጡን ጻፈላቸው። እኔ የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ ለአንድ ቤት ብቻ መሰለኝ እንጂ። እንግዲህ ስእለቴን ፈጽሜያለሁ። እመቤቴ ትመስገን።

እማማ ካረፉ ቆይተዋል። ነሐሴ 6 በመጣ ቁጥር ያንን ካቴድራል እሄዳለሁ። የእማማን ስም «ስለ ዕረፍት» የሚለው ላይ፣ የልጁን «ስለ ጤንነት» የሚለው ላይ እጽፋለሁ። የወንድሜን ሁለቱም ላይ እጽፈዋለሁ። ሻማ የምትሸጠው ሴት አንዴ «ተሳስተሃል» ብላ መለሰችልኝ። አሁን ለምዳኛለች፤ ዝም ብላ ትቀበለኛለች።