«ቡካ»ን ወደ አማርኛ ስመልስ የሠራሁትና የተሳሳትኩት

ቡካ (ካው ይጠብቃል፤ ከሊጥ ቡኮ ጋር ዝምድና የለውም) የኮርንዎል ቃል ነው፤ በአገሩ ተረት የሚነገርለት የመንፈስ ስም ነው። ኮርንዎል በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ የሚገኝ፣ በዓሣ ማጥመድና በቆርቆሮ ማዕድን የኖረ አገር ነው። የራሱ ቋንቋ ኮርኒሽ የዌልስና የብሬቶን ቋንቋዎች ዘመድ ነው።

መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን አምኜ «ጭራቅ» ብዬ መለስኩት። ስህተት ነበር። መዝገበ ቃላት የሚሰጠው ስም ነው፤ ለእንዲህ ያለ ፍጡር ግን ቁም ነገሩ ያለው ሰዎች ከእሱ ጋር በሚያደርጉት ነገር፣ ማለትም በግሱ ላይ ነው። ስለዚህ ቃሉ ለተገኘበት ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መስመር ሰጥቼ በአምስት ዓምድ መዘገብኩት፦ ዘመን፣ ቦታ፣ ተናጋሪ፣ አድማጭ፣ ግስ።

ግሱ ብቻውን ለየው። በኮርንዎል የባሕር ዳርቻ መንደሮች በኒውሊንና በማውዝል (ሁለተኛው በእንግሊዝኛ «የአይጥ ጉድጓድ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ እንዲያ አይነበብም) ዓሣ አጥማጆች ካጠመዱት ላይ ቀንሰው ማታ አሸዋው ላይ ለቡካ *ይተዉለት* ነበር። በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ገበሬው ቁራሽ ዳቦ በግራ ትከሻው ወደ ኋላ *ይወረውርለት*፣ ጥቂት ጠብታ ቢራም መሬት ላይ *ያፈስለት* ነበር። ይህ እንግዲህ ጭራቅ አይደለም። ጭራቅን ማን ይቀልባል? እናት ልጇን *ስታስፈራራበት* ግን ጭራቅ ቅርብ ነው። የጎረቤት መንደር ሰው የኒውሊንን ሰው «ቡካ» ብሎ *ሲጠራው* ደግሞ ተረብ ነው። ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ነገር ይሆናል፦ የአካባቢውን ተረቶች የሰበሰበው ሮበርት ሀንት እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ስብስብ መናፍስቱን በአምስት ወገን ሲከፍል ቡካዎችን ከ«አንኳኳዮች» ጋር መድቧቸዋል፤ ከዓለቱ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ የሚያሰሙት እነሱ ናቸው። የቦታውን ዓምድ ባዶ ከተዉት የባሕሩና የጉድጓዱ ቡካ ይደባለቃሉ፣ ትርጉሙም ይበላሻል።

ቅጽሉ ላይም ተሳስቼ ነበር። «ቡካ ዱ» እና «ቡካ ግዊደን» የሚባሉ አሉ። ኮርኒሽ ቅጽልን ከስም በኋላ ስለሚያስቀምጥ «ዱ» ጥቁር፣ «ግዊደን» ነጭ ማለት ነው፤ ክፉውና ደጉ መሆናቸው ነው። ነጭ የሚለው ቃል ግን በመደበኛው አጻጻፍ «ግዊን» ነው። «ድ»ዋ ከየት መጣች? በኋለኛው ዘመን ኮርኒሽ ከጠባቂ ን በፊት ድ ገብታለች፤ ራስ ማለት የሆነው «ፔን» በባሕር ዳርቻ ቦታ ስሞች «ፔድን» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ሳላውቅ «ግዊደን»ን የሌላ ፍጡር ስም አድርጌ መዝግቤው ነበር። ልጆች የሚስፈራሩበት «ቡካ ቡ»ም ከ«ቡካ ዱ» የወጣ እንጂ ሦስተኛ ፍጡር አይደለም።

ፍለጋው ላይ የሚያታልል ነገር አለ፦ በላቲን ፊደል በሁለት ሲ ሲጻፍ፣ በላቲን ቋንቋ ጉንጭ ማለት ከሆነው ቃል ጋር አንድ ይሆናል። ከመንደሩ ስም ጋር አያይዞ መፈለግ ይሻላል። የዌልሱ «ቡካ» እና የአየርላንዱ «ፑካ» ተመሳሳይ ናቸው፤ ግን በዘመድ ቃል ትርጉም መሙላት አይገባም፤ ዓሣ ይተውለት የነበረው የኮርንዎሉ ነው።

በመጨረሻ የቀረልኝ ምርጫ «ቆሌ» ነው። «ጂኒ» የሌላ እምነት ጓዝ ይዞ ይመጣል፤ «ሰይጣን» ካልን ደጉ ቡካ የት ይግባ? ቆሌ ግን ስፍራ አለው፣ ድርሻ ይሰጠዋል፣ ቢረሳ ይቆጣል። ቢሆንም ቃሉን አልተካሁትም፤ መጀመሪያ ሲመጣ «ቡካ፣ የባሕሩ ቆሌ» እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቡካ ብቻ። በልጆች ማስፈራሪያው ላይ «ቡካ ቡ መጣልህ!» ብዬ እንዳለ እተወዋለሁ፤ ድምፁ ራሱ ያስፈራል። ተረቡ ላይ ብቻ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልጋል።