ያስፈራኝ ሲስቱ ነበር፣ ሊያስፈራኝ የሚገባው ግን የቀረው ፔሬድ

አራት ወር ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ሞዴስ ይዤ ዞርኩ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ። ማሸጊያው ተሻሽቶ ጠርዙ ተቀደደ፣ ፔሬዴ ግን የለም። ሁለት ጊዜ የእርግዝና ምርመራ አደረግኩ፣ ኔጌቲቭ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተጨነቅኩም። እንዲያውም ከቁርጠቱ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ሐኪም ጋ የሄድኩት ለብጉሩና አገጬ ላይ ለበቀለው ፀጉር ነው። አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ያ ቀዝቃዛ ጄል ሆዴ ላይ ተቀብቶ ስክሪኑን ሳይ፣ ትንንሽ ጥቁር ክቦች እንቁልጢዬን ዳር ዳሩን ከበውታል፣ በክር እንደተሰካ ዶቃ። ባለሙያው "ብዙ ሲስት አለሽ" አለኝና (ሲስት ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማለት ነው) ወረቀቱን ሰጠኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ቤቴ እስክገባ አለቀስኩ። ኦፕሬሽን፣ ካንሰር፣ መካንነት፣ ያልመጣብኝ ሐሳብ የለም። አንድ ደቂቃ ወስዶ ቢያስረዳኝ ኖሮ ያን ሳምንት እንደዚያ አላሳልፈውም ነበር።

በኋላ ሌላ የማህፀን ሐኪም ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። እነዚያ ክቦች ሲስት ይባሉ እንጂ ከ10 ሚሊሜትር ያነሱ፣ እድገታቸውን ሳይጨርሱ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። በየወሩ አንዷ አድጋ እንቁላል መልቀቅ ነበረባት፣ ሆርሞኑ ስለተዛባ ሁሉም መንገድ ላይ ቀሩ። ቀዶ የሚያስወጣ ነገር የለውም። ፒሲኦኤስ ይባላል፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ "ብዙ ሲስት ያለበት እንቁልጢ" እንደ ማለት። ስሙ ራሱ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ፔሬዷ የተዛባና የወንድ ሆርሞኗ ከፍ ያለ ሴት፣ ሌሎች ምክንያቶች እስከተጣሩ ድረስ፣ አንድም ክብ ሳይታይባት ፒሲኦኤስ ሊኖርባት ይችላል። ለዚህ ነው ዶክተሯ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን ምርመራም ያዘዘችልኝ።

አንድ ለብቻው የሚታይ ውሃ የቋጠረ ሲስት ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንም አያቀልጠውም። ድንገት በአንድ ጎን ኃይለኛ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ እንቁልጢው ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፔሬዱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ማንም ያልነገረኝ ይህንን ነው። እንቁላል ካልተለቀቀ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን የለም። ሌላው ሆርሞን፣ ኢስትሮጅን፣ ብቻውን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍረዋል፣ ያወፍረዋል፣ የሚያራግፈው ግን የለም። ይህ ለዓመታት ሲቆይ ሽፋኑ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። እኔ ተገላገልኩ ያልኩት እሱን ነው!

ለ10 ቀን የሚዋጥ የፕሮጄስትሮን ዓይነት ክኒን ሰጠችኝ። ከጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ደም መጣ። ዳንኩ ብዬ ደወልኩላት። "አይደለም" አለችኝ ረጋ ብላ፣ "ክኒኑ ስለቆመ የመጣ ደም ነው፣ ማህፀንሽን አጸዳልሽ እንጂ እንቁላል አልለቀቅሽም።" ቅር አለኝ፣ ግን እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ።

ብዙ ሴቶች በየቀኑ የሚዋጠውን፣ ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ይወስዳሉ፣ ብጉሩንም ፀጉሩንም ይቀንሳል። እኔን ግን ከለከለችኝ። ዓይኔ ላይ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ካለ በኋላ የሚነሳ ማይግሬን አለብኝ፣ ከዚያ ክኒን ጋር ደግሞ ለስትሮክ ያጋልጣል። ስለዚህ ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። ማይግሬን፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ በቤተሰብ የደም መርጋት ካለ፣ ባትጠየቁም ተናገሩ።

መውለድን በተመለከተ በሩ አልተዘጋም፣ ሲፈለግ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርግ መድኃኒት አለ። ፔሬድ ቀርቷል ማለት ደግሞ አይረገዝም ማለት አይደለም፣ እንቁላሉ ሳያስጠነቅቅ ሊለቀቅ ይችላል።

አሁን ስልኬ ላይ ቀን እቆጥራለሁ። 90 ቀን ሳይመጣ ከሞላ፣ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ከዚያ ያ የ10 ቀን ክኒን። ዛሬ 41ኛ ቀኔ ነው።