የቻትስወርዝ እመቤትና እህቶቻቸው

ሰሞኑን የእንግሊዝ የዴቮንሻየር ዱቼስ (የመስፍን ሚስት) ስለነበሩት ስለ ዲቦራ ካቨንዲሽ ሕይወት ሳነብና ሳሰላስል ሰነበትሁ። ከታሪካቸው አጥብቆ የያዘኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ፖለቲካ አንድን ቤት ከሥሩ ሲሰነጥቀው፣ የሥጋ ዘመድን መውደድ እስከ የት ድረስ ይፈቀዳል?

ዲቦራ እ.ኤ.አ. በ1920 የተወለዱት ለሁለተኛው ባሮን ሬድስዴል፣ ለዴቪድ ሚትፎርድ፣ የሰባት ልጆች የመጨረሻ ሆነው ነው። ስድስቱ ሴቶች ነበሩ፤ አንዱ ወንድ ልጅ ቶም ወደ ኢተን ትምህርት ቤት ሲላክ፣ ሴቶቹ በአብዛኛው ኦክስፎርድሻየር ገጠር ውስጥ በቤታቸው በእናታቸውና በተቀጠሩ አስተማሪዎች ተማሩ። የዊንስተን ቸርችል ባለቤት ክሌመንታይን የአባታቸው የአክስት ልጅ ስለነበሩ ቤተሰቡ ለሥልጣን ቅርብ ነበር። የ1930ዎቹ ማዕበል ሲመጣ ግን ከአንድ ማዕድ ተነሥተው ተበታተኑ። ታላቋ ናንሲ ደራሲ ሆኑ፤ ፓሜላ ገጠርንና እርሻን መረጡ። ጄሲካ ኮሚኒስት ሆነው በ1937 ከፍቅረኛቸው ጋር የእርስ በርስ ጦርነት ወዳለበት ስፔን ኮበለሉ። ዩኒቲ ከሂትለር ወዳጆች አንዷ ነበሩ፤ ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀችበት ቀን ሙኒክ ውስጥ በራሳቸው ላይ ተኩሰው ለጊዜው ቢተርፉም፣ በ1948 በዚያው ጉዳት መዘዝ ሞቱ። ዳያና ደግሞ የብሪታንያ ፋሺስቶች መሪ የነበረውን ኦስዋልድ ሞዝሊን አገቡ፤ ጋብቻው በ1936 በርሊን፣ በናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር በጎብልስ ቤት ሲፈጸም ሂትለር ራሱ ተገኝቶ ነበር።

እዚህ ላይ እኔ እንደ ኢትዮጵያዊ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሞዝሊ ከሙሶሊኒ ገንዘብ ይቀበል የነበረ ሰው ነው፤ በ1935 አገራችን ስትወረርም ፓርቲው ብሪታንያ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ እንዳትጥል ቅስቀሳ አካሂዷል። የበርሊኑ ጋብቻ የተፈጸመው አዲስ አበባ በተያዘች በአምስት ወሯ ነበር። በማይጨው የወደቁትንና በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉትን የሚያስብ ሰው፣ ያን ጋብቻ እንደ ባላባቶች ወግ አድርጎ ሊያነበው አይችልም።

እህትማማቾቹም ራሳቸው አላለፉትም። በ1940 ናንሲ ለመንግሥት ስለ ዳያና አደገኛነት የምስክርነት ቃል ሰጡ፤ ዳያናም በሆሎዌይ እስር ቤት ታሰሩ። በ1943 ሲፈቱ፣ ባለቤታቸውን በጦርነቱ ያጡት ጄሲካ ከአሜሪካ ሆነው ዳግም እንዲታሰሩ ለቸርችል ጻፉ። ቶም በ1945 በርማ ውስጥ ተገደለ። ዲቦራ ግን ከየትኛዋም እህታቸው አልተቆራረጡም። ለኮሚኒስቷም ለፋሺስቷም ደብዳቤ እየጻፉ፣ ሁሉንም እየጠየቁ፣ ዳያና በ2003 ፓሪስ ውስጥ እስኪሞቱ ድረስ እህትነታቸውን ጠበቁ።

የራሳቸው ቤትም ሐዘን አላጣውም። በ1941 ያገቡት ሎርድ አንድሩ ካቨንዲሽ የአሥረኛው የዴቮንሻየር መስፍን ሁለተኛ ልጅ ስለነበሩ ማዕረጉ ይደርሰናል ብለው የሚጠብቁ አልነበሩም። የአንድሩ ታላቅ ወንድም ዊልያም የጆን ኤፍ. ኬኔዲን እህት ካትሊንን ባገቡ በአራት ወራቸው፣ በ1944 ቤልጂየም ውስጥ በጥይት ተገደሉ፤ ካትሊንም በ1948 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ዲቦራ ራሳቸው ሦስት ሕፃናትን በተወለዱ በጥቂት ጊዜ ቀብረዋል። ይህን ሐዘን ያየች እናት ሌላ ዘመድ በፖለቲካ ምክንያት ለማጣት ብትፈራ አልፈርድባትም።

በ1950 የአንድሩ አባት፣ አሥረኛው መስፍን፣ በድንገት ሲሞቱ፣ በሕይወት ሳሉ ለልጃቸው ያስተላለፉትን ንብረት ከውርስ ግብር ለማዳን የሚያስፈልገው አምስት ዓመት ሊሞላ የቀረው ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። መንግሥት ከንብረቱ 80 በመቶ ጠየቀ። ሰፋፊ መሬቶች ተሸጡ፣ ውድ ሥዕሎችና መጻሕፍት ለግብሩ ተሰጡ፤ ጥንታዊው ሃርድዊክ ሆልም በ1959 ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ዲቦራና ባለቤታቸው ደርቢሻየር ወደሚገኘው ቻትስወርዝ ገቡ። በጦርነቱ ጊዜ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የነበረውን፣ ጣሪያው ብቻ ከግማሽ ሄክታር በላይ የሚሰፋውን ያን ቤት፣ ዱቼሷ ለጎብኚ የሚመችና ራሱን የሚችል አደረጉት። በ1977 የእርሻውን ምርት የሚሸጥ መደብር ከፈቱ፣ መጻሕፍት ጻፉ፣ እንግዶች በሚመላለሱበት ግቢ ዶሮዎቻቸውን አረቡ። በ1981 ቤቱን የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት ተቋም ተመሠረተ። በትውልድ ያገኙትን ክብር በራሳቸው ሥራ ማጽናታቸውን ከልቤ አከብራለሁ።

ዲቦራ በ2014 በ94 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ በእኛም ቤት ወንድም ከወንድሙ በፖለቲካ ሲኮራረፍ፣ አንዱ የሌላውን ለቅሶ እንኳን ሳይደርስ ሲቀር ስለማይ፣ በእሳቸው ጽናት እቀናለሁ። ሆኖም ፍቅራቸውን ከዝምታቸው ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ። ዳያና ሂትለርን ማወደሳቸውን እስከ እርጅናቸው አልተዉም፤ እህትን ሳይጥሉ እህት የቆመችበትን በአደባባይ መኮነን ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከባድ ቢሆንም፣ በእነዚያ ዓመታት ለሞቱት ወገኖቼ ስል ከእሳቸው ያንን እጠብቅ ነበር።